ለድርጅትዎ የትኛው የኢንተርኔት መስመር? ከምርጫ እስከ መጠባበቂያ

«ሲስተም የለም» የተባለ ደንበኛ አንድ ጊዜ ይታገሣል፤ በሁለተኛው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይገባል። ብዙ ድርጅት ግን መስመር የሚገዛው የፍጥነት ቁጥር እያየ ነው። 10 ሜጋ የነበረው ወደ 25፣ 25 የነበረው ወደ 50 ያሳድጋል፤ ሒሳቡ ይጨምራል፣ መቆራረጡ ግን እንዳለ ይቀጥላል። የመስመር መቆራረጥና የመስመር መዘግየት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ስለሆኑ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 30 ሠራተኛ ላለው ቢሮ፣ ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ፔንሲዮን፣ በተለይ አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ላለው የሚሆን ነው። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ ውል መፈረም ከመለካት በኋላ ይመጣል።

መስመሩ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመው ምንድን ነው?

አንድ ወረቀት ይውሰዱና ኢንተርኔት የሚጠቀም ሥራ ሁሉ ይጻፉበት። ከእያንዳንዱ ጎን ስንት ሰዓት መጠበቅ እንደሚችል ያስፍሩ፦ ምንም የማይጠብቅ፣ አንድ ሰዓት የሚታገሥ፣ እስከ ነገ የሚቆይ። የደንበኛ ክፍያ ማረጋገጥ ምንም አይጠብቅም። ኢሜይል አንድ ሰዓት ይታገሣል። የሒሳብ ፋይል መጠባበቂያ ቅጂ ሌሊት ቢሄድም ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። አብዛኛው የካርድ መክፈያ ማሽን የራሱ ሲም ካርድ አለው፤ የቢሮው ፋይበር ቢጠፋም ሊሠራ ይችላል። የራስዎን ለማወቅ የቢሮውን ራውተር አጥፍተው አንድ ትንሽ ክፍያ ይሞክሩ። ቴሌብርም በገንዘብ ተቀባይዋ ስልክ ዳታ የሚሠራ ከሆነ ከቢሮው መስመር ጋር ግንኙነት የለውም። እነዚህን ከወረቀቱ ሲያወጡ «ምንም አይጠብቅም» ከሚለው ዓምድ የሚቀረው ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ብቻ ሊሆን ይችላል። መጠባበቂያ የሚገዛው ለእነዚህ ነው።

ስንት ሜጋቢት ይበቃል?

የፍጥነት ቁጥሩ የሚነገረው በሜጋቢት፣ የፋይል መጠን ግን በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ በ10 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያልፈው ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው። 500 ሜጋባይት ፋይል በ10 ሜጋቢት አፕሎድ (ከቢሮው ወደ ውጭ በሚልክ ፍጥነት) 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ1 ሜጋቢት አፕሎድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ዳውንሎዱን (ከውጭ የሚመጣበትን ፍጥነት) ብቻ ነው። ቢሮን የሚያንቀው ግን በአብዛኛው አፕሎዱ ነው።

ለ10 ሠራተኛ ቢሮ አንድ ስሌት እንሥራ። በአንድ ጊዜ ሦስት የቪዲዮ ስብሰባ ቢኖር ለእያንዳንዱ በሁለቱም አቅጣጫ 3 ሜጋቢት ይያዝለት፤ 9 ሆነ። ለድረ ገጽና ለኢሜይል በሰው 1 ሜጋቢት ዳውንሎድ፣ 10 ሆነ። በኢንተርኔት የሚሄድ የስልክ ጥሪ በአንዱ 0.1 ሜጋቢት አካባቢ ስለሚወስድ ከቁጥር አይገባም። አራት የደኅንነት ካሜራ ከውጭ በስልክ ሲታይ በዝቅተኛ ጥራት 2 ሜጋቢት አፕሎድ፣ ለፋይል መላኪያ ደግሞ 2 ተጨማሪ። ድምሩ 19 ዳውንሎድ፣ 13 አፕሎድ ይመጣል። ሲሶ ያህል ይጨምሩበት፤ 25 በ17። ይህ ቢሮ «50 ሜጋ» ቢገዛና አፕሎዱ 5 ቢሆን ስብሰባው ሁሌም ይቆራረጣል።

የመስመር ዓይነቶቹን አንድ በአንድ

የጋራ ፋይበር። ለአብዛኛው አነስተኛና መካከለኛ ድርጅት ዋናው መስመር ይህ መሆን አለበት። ከጣቢያው የሚነሣ አንድ ቀጭን የመስታወት ክር በስፕሊተር ለ32 ወይም ለ64 ደንበኛ ይከፋፈላል። ጂፖን በሚባለው አሠራር ሁሉም የሚጋሩት ወደ 2.5 ጊጋቢት ዳውንሎድና 1.25 ጊጋቢት አፕሎድ ነው። ጥንካሬው ጣቢያውና እርስዎ መካከል መብራት የሚፈልግ ዕቃ አለመኖሩ ነው፤ ሰፈሩ ሲጨልም ክሩ ይሠራል፣ የሚጠፋው የእርስዎ ሞደም ነው። ይህ ግን ክሩ እስከ ቢሮዎ ድረስ ሲገባ ነው። አንዳንድ ሕንፃ ላይ ፋይበሩ ምድር ቤት ቀርቶ ወደ ላይ በኤተርኔት ኬብል ይወጣል። ያኔ ምድር ቤት ያለው ስዊች (መስመሩን ወደ ኬብሎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) መብራት ያስፈልገዋል፤ የሕንፃው ጀነሬተር ያንን ሶኬት ያካትት እንደሆነ አስተዳደሩን ይጠይቁ። የኤተርኔት ኬብሉም ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ ካለፈ መስመሩ «አለ አለ» እያለ ፓኬት (የሚላከውን መረጃ ቁራጭ) ይጥላል።

የፋይበር ጠላት ቁፋሮ ነው። መንገድ ሲሠራ፣ ውኃ ሲዘረጋ፣ አጥር ሲተከል ይቆረጣል። ጥገናው በሰዓታት ሊያልቅ፣ ቀናትም ሊወስድ ይችላል። ሰፈርዎ ውስጥ ቁፋሮ ካለ መጠባበቂያውን ዛሬውኑ ያዘጋጁ።

ዴዲኬትድ ፋይበር። የተከፈለበት ፍጥነት ለእርስዎ ብቻ የተያዘበት፣ ዳውንሎዱና አፕሎዱ እኩል የሆነበት መስመር ነው። ዋጋው ከጋራው በጣም ይበልጣል። ሰርቨር ለሚያስቀምጥ፣ ቅርንጫፎችን ለሚያገናኝ ወይም ለጥሪ ማዕከል ተገቢ ነው። ለ10 ሰው ቢሮ ግን በዚያ ገንዘብ የጋራ ፋይበር፣ የሞባይል መጠባበቂያና ጥሩ ባትሪ ሦስቱንም መግዛት ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ዴዲኬትዱም ቢሆን በአንድ አካፋ ይቆረጣልና።

የመዳብ ሽቦ። በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ቢበዛ 24 ሜጋቢት ዳውንሎድ አለው፤ ያም ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሲሆን ነው። ከ3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር በኋላ ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ይቀራል፤ አፕሎዱ ከመነሻውም 1 ሜጋቢት አካባቢ ነው። በክረምት መጋጠሚያ ሣጥኑ ውኃ ሲገባበት መስመሩ ይንጫጫል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ፋይበር ከደረሰልዎ ይቀይሩት። ካልደረሰ ለኢሜይልና ለክፍያ ብቻ ያውሉት።

የሞባይል 4ጂ እና 5ጂ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም የተለየ ሁለተኛ ኔትወርክ መያዝ ተችሏል። ዋናው መስመርዎ የአንዱ ከሆነ መጠባበቂያው የሌላው ይሁን፤ አንድ ድርጅት ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት መስመሮች አብረው የመጥፋት ዕድላቸው ሰፊ ነው። የሞባይሉ ችግር ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት የፈጠነው ማታ ሰው ሲበዛ ይዝላል። መብራት ሰፈሩን ሙሉ ሲያጠፋ ደግሞ ሁሉም ሰው ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ስለሚዞር ማማው ይጨናነቃል፤ መጥፋቱ ከረዘመ የማማው ባትሪም ያልቃል። «ያልተገደበ» የሚል ጥቅል ሲገዙ ስንት ጊጋባይት ካለፈ በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀነስ ይጠይቁ።

በሬዲዮ ማማ ለማማ የሚዘረጋ መስመር ፋይበር ላልደረሰበት ፋብሪካ ወይም እርሻ ይሆናል፤ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ዐይን የሚያግድ ነገር መኖር የለበትም። በፊት ለፊት አዲስ ፎቅ መነሣት ከጀመረ መስመሩ ዕድሜ የለውም።

ቪሳት፣ ማለትም የሳተላይት መስመር፣ ሌላ ምንም በሌለበት ቦታ ይሠራል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚቆም መልእክት ደርሶ መልስ 600 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ኢሜይልና ሪፖርት ያልፋል፤ የስልክ ንግግር ግን ሰዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየገቡ ያስቸግራል።

አንድ ነገር ሁሉንም ይመለከታል። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚወጣው ግንኙነት በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲና በኬንያ በኩል፣ ከባሕር ኬብል ጋር ይገናኛል። በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ እንደታየው እንዲህ ያለ ጉዳት በየከተማው ያለ ሁለተኛ መስመር አያድነውም። ስለዚህ ለዕለት ሥራ የሚያስፈልግ ፋይል አንድ ቅጂው ቢሮ ውስጥ ይኑር።

ከመፈረም በፊት የሚለካው

ለሞባይሉ የሁለቱንም ኔትወርክ ሲም ይግዙና ስልኩን ራውተሩ ሊቀመጥ በታሰበበት ቦታ ላይ አድርገው ይለኩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በሦስት የሥራ ቀን። ለእያንዳንዱ ኔትወርክ ዘጠኝ ቁጥር ያገኛሉ፤ ውሳኔዎ በዝቅተኛው ላይ ይመሥረት። የ4ጂ ራውተሩ ገጽ ላይ አርኤስአርፒ የሚል፣ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ከ-90 የተሻለ (ለምሳሌ -80) ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ-110 በታች ከሆነ አይመኑት። ሰማያዊ የመስታወት ግድግዳ የለበሱ ሕንፃዎች ውስጥ ይህ ቁጥር ክፉኛ ይወርዳል። መስታወቱ ላይ ያለው ስስ የብረት ሽፋን ሬዲዮውን ይመልሰዋል። ራውተሩን ወደሚከፈት መስኮት ማስጠጋት ወይም ከውጭ የሚሰቀል አንቴና መግዛት ይረዳል፤ ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ግን ምንም አይለውጥም።

ለፋይበሩ ደግሞ በዚያው ሕንፃ ያሉ ሁለት ድርጅቶችን ይጠይቁ። ጥያቄው «ኢንተርኔት ጥሩ ነው?» ከሆነ መልሱ «ደኅና ነው» ነው። «ባለፈው ወር ስንት ቀን ጠፋባችሁ? ስታመለክቱ በስንት ሰዓት መጡ?» ይበሉ።

ውሉ ላይ እነዚህን ይፈልጉ፦ የአፕሎድ ፍጥነቱ ለብቻው ተጽፏል? ስታቲክ አይፒ (የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ) አለ? ብልሽት በስንት ሰዓት ይጠገናል፣ ካልተጠገነስ ምን ይመለሳል? ቢሮ ቢቀይሩ መስመሩን ለማዛወር ምን ይከፈላል? መስመሩ የሚሠራበት ጊዜ በመቶኛ ከተጻፈ ወደ ሰዓት ይለውጡት። 99 በመቶ ማለት በ30 ቀን ውስጥ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። 99.9 በመቶ ሲሆን 43 ደቂቃ ነው።

ስታቲክ አይፒ የሚያስፈልገው ከውጭ ሆኖ ወደ ቢሮ ሰርቨር ወይም ካሜራ በቀጥታ ለሚገባ ብቻ ነው። የራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባሉት የሚጀምር ከሆነ አድራሻውን ከብዙ ደንበኛ ጋር ይጋራሉ፤ በዚያ ላይ ፖርት (ከውጭ ወደ ቢሮው ዕቃ የሚያስገባ በር) መክፈት አይሠራም።

ሠራተኞቹ ሊገጥሙ ሲመጡ

አጠገባቸው ይቁሙ። ሞደሙ የሚቀመጥበት ቦታ ቀድሞ ይወሰን፤ ካልተወሰነ ገመዱ በደረሰበት፣ ብዙ ጊዜ በር ሥር ወይም ከመዝገብ መደርደሪያ ጀርባ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ መደርደሪያው ወደ ግድግዳው ይገፋል፣ ቀጭኑ ቢጫ ወይም ነጭ ክር ይታጠፋል፣ መስመሩ ሳይጠፋ ይዳከማል። ክሩ ሲዞር ክቡ ከ6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ማነስ የለበትም። የቡና ስኒ አፍ ስፋት ያህል ነው ብለው ይያዙት።

አረንጓዴ ራስ ያለው ማገናኛ ጫፉ 8 ዲግሪ ተቆርጧል፣ ሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ አይጋጠሙም፤ ቢገቡም በክሩ ውስጥ መረጃውን ይዞ የሚሄደው ብርሃን ይባክናል። ጫፉን በጣት አይንኩ፣ ወደ ውስጥም በዐይን አይመልከቱ።

ከመሄዳቸው በፊት የሚደርሰው ብርሃን ስንት እንደሆነ ይጠይቁና ቀኑን ጨምረው ሞደሙ ላይ በወረቀት ይለጥፉ። ቁጥሩ በዲቢኤም ይነገራል። ከ-15 እስከ -24 ምቹ ነው፤ -27 ሲደርስ መስመሩ ጫፍ ላይ ነው። በተገጠመበት ቀን -19 የነበረው ዛሬ -25 ካለ የሆነ ቦታ ክር ታጥፏል ወይም ማገናኛ ቆሽሿል። ይህን ቁጥር ይዞ ያመለከተ ሰው «ኢንተርኔት አይሠራም» ካለው ይልቅ ቶሎ ይረዱታል።

መብራት

ሞደም፣ ራውተርና ትንሽ ስዊች አንድ ላይ 25 ዋት ያህል ይበላሉ። ገበያ ላይ የተለመደው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ አንድ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለ፤ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ከብክነቱ በኋላ ግማሽ ያህሉ ብቻ ስለሚደርስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አይበልጥም፣ ያም ባትሪው አዲስ ሲሆን ነው። ኮምፒውተርና ፕሪንተር ከተሰካበት በደቂቃዎች ያልቃል። ስለዚህ ለኢንተርኔት ዕቃዎቹ የብቻቸው ይሁን።

የተሻለው መፍትሔ 12 ቮልት በቀጥታ የሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ ነው፤ ወደ 220 ቮልት ሄዶ የመመለስ ብክነት የለበትም። ከመግዛትዎ በፊት የሞደሙንና የራውተሩን ቻርጀር ጀርባ ያንብቡ፦ ቮልቱ 12 መሆኑን፣ አምፔሩን፣ የመሰኪያውን ስፋት። 9 ቮልት የሚፈልግ ራውተር በ12 ሊቃጠል ይችላል። መብራት ሲመጣ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆነ ከዩፒኤሱ በፊት ስታቢላይዘር ያስገቡ፤ ሞደም የሚገድለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

ሁለቱን መስመር ማገናኘት

ሁለት የኢንተርኔት መግቢያ ያለው፣ ዱዋል ዋን የሚባል ራውተር ያስፈልጋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. የሦስቱን ዕቃዎች የውስጥ አድራሻ ይለዩ። የፋይበሩ ሞደም 192.168.1.1፣ የ4ጂው 192.168.8.1 ከሆነ የቢሮውን ራውተር 192.168.50.1 ያድርጉ። ሁለት ዕቃ አንድ ዓይነት አድራሻ ከያዙ ሁሉም መብራት እየበራ ኢንተርኔት አይኖርም፤ ጀማሪ ገጣሚን ግማሽ ቀን የሚያባክነው ይህ ነው።

2. ፋይበሩን አንደኛ፣ ሞባይሉን ሁለተኛ መግቢያ ላይ ይሰኩ። «ፌይልኦቨር» የሚለውን (አንደኛው ሲጠፋ ብቻ ወደ ሁለተኛው የሚቀይረውን) ይምረጡ። «ሎድ ባላንስ» የሚለው ሥራውን በሁለቱ ላይ ያከፋፍላል፤ አድራሻው ሲቀያየር የባንክ ገጾች በመሐል ያስወጣሉ፣ የሞባይል ጥቅሉም ሳይታወቅ ያልቃል።

3. ራውተሩ መስመሩን የሚፈትሽበትን ዘዴ ያስተካክሉ። ገመዱ መሰካቱን ብቻ የሚያይ ከሆነ ውጭ መንገድ ላይ ፋይበሩ ቢቆረጥም ሞደሙ እየበራ ስለሆነ «ደኅና ነው» ይላል። እንደ 8.8.8.8 ያለ የውጭ አድራሻ በየ10 ሰከንዱ ፒንግ አድርጎ (አጭር መልእክት ልኮ መልስ ጠብቆ) ሦስት ጊዜ መልስ ሲያጣ ይቀይር። አንድ አድራሻ ብቻ አይስጡት፤ 1.1.1.1ንም ይጨምሩ።

4. በሞባይሉ ላይ ካሜራ፣ የሲስተም ዝማኔና የፋይል መጠባበቂያ እንዳይሄድ ይከልክሉ። በአማካይ 3 ሜጋቢት የሚጠቀም ቢሮ በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ይበላል። አራት ካሜራ በ2 በ2 ሜጋቢት ወደ ውጭ ቢልክ ግን በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይጨምራል።

5. ሥራ ባለበት ሰዓት ይፈትኑት። የፋይበሩን ክር ከሞደሙ ይንቀሉ እንጂ ሞደሙን አያጥፉ፤ እውነተኛውን ብልሽት የሚመስለው የክሩ መነቀል ነው። ክፍያ ይሞክሩ፣ ጥሪ ያድርጉ። ክሩን መልሰው በስንት ደቂቃ ወደ ፋይበሩ እንደሚመለስ ይዩ።

ይህን ፍተሻ በወር አንድ ቀን ይድገሙት። ጥቅሉ ጊዜው ያለፈበት ወይም ሒሳቡ ያለቀበት ሲም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ፋይበሩ በጠፋበት ቀን ነው።

ሲበላሽ ማንን እንደሚወቅሱ

በመጀመሪያ በኬብል የተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ይሁኑ። ከዋይፋይ የተወሰደ ልኬት ስለ መስመሩ ምንም አይነግርም። ሁለት መስኮት ይክፈቱና በአንዱ የራውተሩን አድራሻ፣ በሌላው 8.8.8.8ን ያለማቋረጥ ፒንግ ያድርጉ።

የራውተሩም ፒንግ ከጠፋ ችግሩ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ኬብል፣ ስዊች ወይም ራሱ ራውተሩ። የራውተሩ እየመጣ የውጭው ከጠፋ መስመሩ ነው፤ ሞደሙ ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃን አልደረሰም ማለት ስለሆነ በቀጥታ ያመልክቱ። ሁለቱም ፒንግ እየመጣ ድረ ገጽ ካልተከፈተ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠውን) ይቀይሩ። ሁለቱም ፒንግ ደኅና ሆኖ በኬብል የሚሠራው ሁሉ በዋይፋይ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያውከው የጎረቤት ዋይፋይ ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ውስጥ ሰው ያልበዛበትን ይምረጡ፣ ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይሂዱ።

ሲያመለክቱ የአገልግሎት ቁጥሩን፣ የጠፋበትን ሰዓት፣ የሎስ መብራቱን ቀለምና በተገጠመበት ቀን የነበረውን የብርሃን ቁጥር ይናገሩ። የሚሰጥዎትን የማመልከቻ ቁጥር እዚያው ሞደሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ፤ ውሉ የሚለው የጥገና ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያች ደቂቃ ነው።